ከዝናቡ በፊት እንድረስ

(ስለ ክረምትና ስለ ጉርብትና ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሰላምና እዝነት በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንዲሁም ይህን መታሰቢያ መጽሔት በእጃችሁ ይዛችሁ የምታነቡ ውድ አንባቢያን፤ ይህ ንግግር በግንቦት ወር፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በመስጊዳችን ቅጥር ግቢ የተደረገ ነው። ኮሚቴው በጽሑፍ አዘጋጅልን ባለኝ ጊዜ ጥቂት ነገር ጨምሬበት እነሆ አቅርቤዋለሁ። ወሩን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በግንቦት ጣራ ላይ መውጣት ይቻላል፤ ቦይ መጥረግ ይቻላል፤ ቆርቆሮም ዋጋው ገና አልናረም። በሐምሌ ግን ይህ ሁሉ አይቻልም። የምናገረውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ በክረምት መረዳዳት የሚጀመረው ክረምቱ ሳይገባ ነው።

የእኛ ክረምት

ክረምት በረከት ነው። ይህን አስቀድመን እንመን። ዝናብ ሲጠፋ ሜዳ ወጥተን ሰግደን የምንለምነው እኛው ነን። ነገር ግን በረከቱ ልኩን ሲያልፍ ወይም ያለ ጊዜው ሲመጣ ፈተና ይሆናል። በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች ሀሪኬን ወይም ሳይክሎን የሚሉት ከባሕር የሚነሣ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ አለባቸው። ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ጣራ ይገነጥላል፤ ባሕሩን ወደ የብስ ይገፋዋል። እኛ ደገኞች ነን፤ ባሕር የለንም። የእኛ ፈተና ስሙ ሌላ ነው። ጎርፍ፣ በረዶ፣ መብረቅ፣ ውርጭ፣ የመሬት መንሸራተት ይባላል። አንዳንድ ዓመት ደግሞ ጭራሹን የዝናብ መቅረት ይሆናል።

ከተማችን ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ተቀምጣለች። ሁለቱም ወንዞች ቁልቁል ወርደው መገጭን ይቀላቀላሉ፤ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ሐይቅ ይገባል። በሰሜን በኩል ደግሞ ከደባርቅ አልፎ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሰው የሰሜን ተራራ አለ። ስለዚህ በዚህ አገር ውሃ ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰው ደጅ ይወርዳል። በላይኛው ሰፈር ቦይ ውስጥ የተጣለ ቆሻሻ በታችኛው ሰፈር በር ላይ ጎርፍ ይሆናል። በዳገት ላይ የተመነጠረ ጫካ ታች ሜዳው ላይ ደለል ይሆናል። ለከተማችን የመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራውን የአንገረብ ግድብ ደለል እንደ ጎዳው ሁላችንም የምናውቀው ነው።

የጉርብትናን ድንበር በአርባ ቤት የወሰኑ ሊቃውንት አሉ። ውሃ ግን አርባኛው ቤት ላይ አይቆምም። እንግዲህ የክረምት ጎረቤታችን ማን ነው ብንል፣ በአጥር የሚያዋስነን ብቻ ሳይሆን የእኛ ውሃ የሚወርድበት ሰው ሁሉ ነው።

ያለፉት ክረምቶች

የ1998 ዓ.ም. ክረምትን የሚያስታውስ ብዙ ነው። በሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። በነሐሴ በደቡብ የኦሞ ወንዝ ዳሰነችን አጥለቀለቀ። ወደ እኛም ዘንድ መጥቶ በጣና ዙሪያ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ወጣ። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻና በ2013 ዓ.ም. መግቢያም ያው አገር እንደገና ተጥለቀለቀ፤ ደምቢያም አብሮ ተጎዳ።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናቡ ቀረ። ከብት አለቀ፤ ሰው ቀዬውን ጥሎ ወጣ። ጦርነቱ መንገድ በመዝጋቱም እርዳታ በጊዜው መድረስ አልቻለም። ዓመቱ ሳይሞላ፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ ያው ጠለምት በዝናብ ብዛት መሬት ተንሸራቶበት ሰው ሞተ፤ ከሁለት ሺህ በላይ የሚሆን ሕዝብም ተፈናቀለ። አንድ አገር በአንድ ዓመት ውስጥ በውሃ ማጣትም በውሃ ብዛትም ተፈተነ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለማስፈራራት አይደለም። ክረምቱ ድንገተኛ እንግዳ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። በየዓመቱ በወሩ የሚመጣ ነገር «ድንገት ደረሰብን» ሊባል አይገባም።

ሦስት ቆርቆሮ

እዚህ ላይ ከራሴ ልጀምር፤ ሌላውን ከመውቀስ በፊት ራስን መውቀስ ይቀድማልና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰፈራችንን የሶደቃ ሣጥን ከሚይዙት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። በሰፈራችን ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ቤታቸው የጭቃ ነው። ከበላያቸው ያለው ቦይ ተደፍኖ ውሃው የሚያርፈው ከግድግዳቸው ሥር ነበር። በግንቦት መጥተው፣ «ልጄ፣ ግድግዳው ከሥሩ እየላላ ነው። ሦስት ቆርቆሮና የሁለት ቀን ጉልበት ብታገኙልኝ» አሉኝ። እኔም፣ «እሺ እናቴ፣ ኢንሻአላህ በስብሰባ አቀርበዋለሁ» አልኳቸው።

የዋሸኋቸው አልነበረም፤ ላቀርበው አስቤ ነበር። በሰኔው ስብሰባ የቀብር ድንኳን ግዢ ጊዜውን ወሰደው። በሐምሌ ሰው አልተሟላም ተብሎ ተበተነ። በነሐሴ አንድ ሌሊት ዝናቡ ከመግሪብ ጀምሮ ሳያባራ ሲወርድ አደረና ከሱብሒ በፊት ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ።

ቀድሞ የደረሰው እኔ አልነበርኩም። ቀድሞ የደረሰው በአጥር የሚዋሰናቸው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነው። አናጢ ነው፤ ባትሪውንና ዶማውን ይዞ ወጣ። ባለቤቱ ጋቢ ይዛ ተከተለችው፤ ከዚያ የሰፈሩ ጎረምሶች ደረሱ። እናታችንን በደህና አወጧቸው። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ግን ጭኗ ተሰብሮ ነበር። ዛሬም ታነክሳለች። ለቁርአን ትምህርት ወደ መስጊዳችን ስትመጣ አያታለሁ፤ ባየኋት ቁጥር ያ ሦስት ቆርቆሮ ትዝ ይለኛል።

በማግሥቱ ምን ሆነ? በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። የተጠየቀው ሦስት ቆርቆሮ ነበር፤ የመጣው ዐሥራ ሁለት ሆነ። እንጨት የሰጠ፣ ጭቃ የረገጠ፣ እንጀራና ወጥ ያመጣ ሞልቶ ነበር። በአንድ ሳምንት ቤቱ ቆመ። አንድም ሰው አልሰሰተም። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ያኔ የጎደለን ደግነት አልነበረም። ደግነታችን በነሐሴ መጣ እንጂ በግንቦት አልመጣም።

ዕድራችን መቼ ይደርሳል?

ሀገራችን ለክፉ ቀን የሚሆን ሥርዓት አላጣችም። ገበሬው ወንፈልና ደቦ አለው፤ ከተሜው ዕቁብና ዕድር አለው። እኛ ሙስሊሞች በእነዚህ ላይ ዘካና ሶደቃ ተጨምሮልናል። ዕድር ከሁሉም የጠነከረ ነው። መዝገብ አለው፤ ወርሃዊ መዋጮ አለው፤ ዳኛ አለው፤ የቀረውን ይቀጣል። ይህን ጥንካሬ የሚያወጣው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ሰው ሲሞት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ድንኳን የምንተክል ሰዎች፣ ያው ሰው በሕይወት ሳለ ጣራውን ለማደስ ሦስት ወር ስብሰባ እንቀመጣለን። ለጀናዛው የምንሮጠውን ሩጫ ለነፍሱ አልሮጥንም።

ይህ ዕድርን ማቃለል አይደለም። የሞተን በክብር መቅበር ታላቅ ግዴታ ነው። የምለው፣ ያው መዝገብ፣ ያው መዋጮ፣ ያው ቅጣት ከቀብሩ በፊት ላለው ቀንም ይሥራ ነው።

የሌሎች ተሞክሮ

ይህ ሕልም ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከእኛ የበለጠ መከራ ያዩ ሰዎች ሠርተውት አይተናል። በኅዳር 1963 ዓ.ም. ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር ከባሕር የተነሣ ዐውሎ ነፋስ በአንድ ሌሊት 300 ሺህ እና ከዚያም በላይ የሚገመት ሕዝብ ፈጀ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አገሪቱ ነፃ ስትወጣ፣ መንግሥቱና ዛሬ ቀይ ጨረቃ የሚባለው ማኅበር ተባብረው በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አደራጁ። እያንዳንዱ የሚያንኳኳቸውን ቤቶች አስቀድሞ እንዲያውቅ ተደረገ። ማዕበሉ ሲሰማ በድምፅ ማጉያና በባንዲራ ምልክት እየሰጡ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ የመስጊዶች ድምፅ ማጉያም ያግዛቸዋል።

ሥራው በአንድ ቀን አልተሳካም። በሚያዝያ 1983 ዓ.ም. ሌላ ማዕበል መጥቶ ከ130 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ሰዎቹ ግን ተስፋ ቆርጠው አልተዉትም። መጠለያ ጨመሩ፤ በጎ ፈቃደኞቹም ከ70 ሺህ በላይ ደረሱ። በግንቦት 2012 ዓ.ም. አምፋን የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ፣ ያውም በኮሮና ዘመን፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው አስቀድሞ ወደ መጠለያ ገባ። በዚያች አገር የሞተው ሰው ቁጥር በመቶ እንኳ የሚቆጠር አልነበረም። ልዩነቱን ያመጣው ማን የማንን በር እንደሚያንኳኳ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ባለጠጋ መሆን አያስፈልግም።

እኛም ለዚህ እንግዶች አይደለንም። የነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ረሃብ እንደሚመጣ ተናግረው ብቻ አልተቀመጡም፤ በጥጋቡ ዓመታት እህሉ እንዲከማች አደረጉ። በአላህ መመካት ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ያስተምረናል?

ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ በየሰፈሩ የክረምት መዝገብ እንክፈት። ለብቻቸው የሚኖሩ አዛውንት፣ የአልጋ በሽተኛ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ፣ ዐይነ ስውርና አካል ጉዳተኛ፣ ቤቱ ከቦይ ዳር ወይም ከገደል ሥር የሆነ ሰው ይመዝገብ። ሃይማኖቱ አይጠየቅ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በከተማችን የደረሰው ሐዘን በብዙ ቤት ገና እንዳልበረደ አውቃለሁ። ያ አናጢ ግን ያን ሌሊት የማንንም ሃይማኖት ሳይጠይቅ ነው ከፍርስራሹ ሥር እጁን የሰደደው። መዝገባችን ከእሱ ሊያንስ አይገባም።

ሁለተኛ፤ ለእያንዳንዱ ለተመዘገበ ቤት ሁለት የቅርብ ቤቶች ይመደቡ። ዝናብ በበረታበት ሌሊት የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው። አንዱ ቢታመም ወይም መንገድ ቢሄድ ሌላው አለ። «ሁላችንም እንረዳለን» ሲባል ማንም አይሄድም፤ «አንተና አንተ» ሲባል ግን ይኬዳል።

ሦስተኛ፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ሁለት የደቦ ቀን እንቁረጥ። አንዱ ቀን ለቦይ፣ አንዱ ቀን ለጣራና ለግድግዳ ይሁን። ቦዩ ከላይኛው ሰፈር ጀምሮ እስከ ታችኛው ይጠረግ። ከላይ ጠርገን ታች ብንተወው የጎረቤታችንን ጎርፍ አበዛንበት ማለት ነው።

አራተኛ፤ ከመዋጮአችን ጥቂቱ ለ«ከዝናብ በፊት» ይለይ። ጥያቄ ሲመጣም ስብሰባ ሳይጠበቅ ሦስት ሰዎች አይተው እንዲወስኑ ሥልጣን ይሰጣቸው። የእኔ ስሕተት ዳግም እንዳይደርስ መድኃኒቱ ይኸው ነው።

አምስተኛ፤ ሰው ከቤቱ ቢወጣ የሚያድርበት ቦታ ይታወቅ። የመድረሳው አዳራሽ፣ የዕድሩ ቤት፣ ወይም ሌላ ደረቅ ቦታ ይሁን። ምንጣፍ፣ ጀሪካን፣ ላስቲክና ባትሪ ይቀመጥበት። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለም በሌሊት ሊታወቅ ይገባል።

ስድስተኛ፤ ምልክትን እንወቅ። ከመሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፍ ወይም የአጥር እንጨት ካጋደለ፣ ምንጭ ድንገት ከደፈረሰ፣ ዳገቱ ሊንሸራተት ይችላልና ቤቱን ለቅቆ መውጣት ነው። ደመና ሲያጉረመርም ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አንጠለል። በሬዲዮ የሚነገረውን የሜትሮሎጂ ትንበያ የሚከታተልና ለኢማሙ የሚነግር አንድ ወጣት ይመደብ።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ትምህርት ልጨምር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ መሬት ተንሸራቶ ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ሁሉ በእጁና በዶማ ሊያወጣ ተሰበሰበ። በዚያ መካከል ዳገቱ ሁለተኛ ተንሸራቶ ለእርዳታ የመጡትን ጭምር ቀበረ። የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በለጠ። አላህ ለቀሩት ጽናቱን ይስጥ። ለነፍስ የሮጡትን ሰዎች ደግነት ማንም አይነቅፍም። ትምህርቱ ግን ለእኛ ነው፤ ሲቆፈር ዳገቱን ብቻ የሚመለከትና «ውጡ!» ብሎ የሚጮህ ሰው መቆም አለበት። ሕዝቡም በአንድ ጊዜ አይግባ።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ

ጎርፍ ሲያልፍ መከራው ያለፈ ይመስለናል። ነገር ግን ከውሃው በኋላ በሽታ ይመጣል። በ1950 ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መግቢያ በሀገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150 ሺህ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ዛሬም በደምቢያ ወባ የሚበረታው ከመስከረም በኋላ ነው። ስለዚህ ውሃ አፍልተን እንጠጣ፤ ያቆረውን እናፍስስ፤ አጎበሩን እንደ ዕቃ አናስቀምጠው። ትኩሳት የያዘው ልጅ ነገ ይሻለዋል ተብሎ አይደር፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለገጠር ዘመዶቻችን የምንልከውም ጊዜውን ይጠብቅ። በረዶ ሰብሉን የመታበት ገበሬ በመስከረም ዘር ካገኘ፣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ዘርቶ ዓመቱን ሊወጣው ይችላል። ዘር ካላገኘ ግን በሬውን ይሸጣል፤ በሬውን የሸጠ ሰው የሚመጣውን ዓመትም ሸጠ ማለት ነው። በመስከረም የተላከ አንድ ቁና ዘር በጥር ከሚላክ አንድ ጆንያ ዱቄት ይበልጣል።

በመጨረሻም የተቸገረውን ሰው ፊት እናስብ። ሰው ቤቱ ሲፈርስበት የሚያዝነው ለቆርቆሮው ብቻ አይደለም፤ በሰው እጅ መውደቁንም ያስባል። ስለዚህ ስንሰጥ በአደባባይ ስሙን አንጥራ፤ ፎቶግራፍ አናንሣው፤ እሱም በሚችለው እንዲሠራ ቦታ እንስጠው። ጉልበት ያለው ጭቃ ይርገጥ፤ የሌለው ቡና ታፍላ፣ ልጅ ትጠብቅ። ወንፈል ማለት ይህ ነው፤ ዛሬ ተቀባይ የሆነው ነገ ሰጪ ይሆናል። ለቅሶ ቤትን በሦስተኛው ቀን እንደምንተወው የተጎዳውን ቤት አንተወው። በአርባኛው ቀን የሚያንኳኳ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ሰው አያንስም።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ገጽ አጥፈህ ወይም አጥፈሽ ከመነሣትህና ከመነሣትሽ በፊት አንድ ቤት አስቡ። ከእናንተ ዝቅ ብሎ ያለ፣ ውሃችሁ የሚወርድበት፣ ወይም በግንቦት መጥቶ አንድ ነገር የጠየቃችሁ ሰው ቤት ይሁን። መልሳችሁ «በስብሰባ አቀርበዋለሁ» ከነበረ፣ ስብሰባውን አትጠብቁ። ዛሬ ከመግሪብ በፊት ሂዱና ግድግዳውን በዐይናችሁ እዩት።

አላህ ክረምታችንን የበረከት ያድርግልን። ዝናቡን በልኩና በጊዜው ያውርድልን። ለሞቱት ምሕረቱን፣ ለተጎዱት ጽናቱን፣ ለእኛም ሳይመሽ የምንደርስበትን ልብ ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።